የመላጣው ሽብሩ ሽምግልና በጆርጂያኖች ቤት

ሽብሩን የማያውቅ የዚያ ዘመን የሞስኮ ተማሪ የለም፤ አላውቀውም የሚል ካለ ዋሽቷል። እኔ አልደረስኩበትም። የደረሱበት እየሳቁ እንዳወሩልኝ አወራለሁ።

ጓደኛው ይልቃል ማናና የምትባል ጆርጂያዊት ወዶ እንቅልፍ አጣ። አባቷ ቫክታንግ ምድር ቤት ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ያለው፣ ጢሙ ብቻውን የሚያስፈራ ሰው ነው። ሽማግሌ ይላክ ቢባል ሁሉም ጎረምሳ ሆነ። ሽብሩም ያው ጎረምሳ ነው፤ ግን መላጣ ስለሆነ እሱ ተመረጠ።

፩

ሽብሩና ይልቃል ምግብ ቤቱ ገብተው ጉዳያቸውን ተናገሩና፣ እንደ አገራቸው ደንብ እሺ ሳንባል አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ቫክታንግ በቤቴ እንግዳ አይቆምም ብሎ ተቆጣ። በዚህ መሃል አይብ የሞላበት ትኩስ ዳቦ ሲመጣ ሽብሩ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ይልቃል በአማርኛ፣ ሽምግልናዬን ልታበላሽብኝ ነው ወይ ቢለው፦

«ሽምግልናው እንደቆመ ነው፤ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

፪

ቀጥሎ ኺንካሊ መጣ፤ በሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ ነው፣ አናቱ ላይ ይቋጠራል። የአገሩ ሰው በቋጠሮው ይዞ ይበላና ቋጠሮውን ሳህኑ ላይ ይተዋል። ሽብሩ ከነቋጠሮው ጠራረገው። ቫክታንግ በሳቅ ፍርስ ብሎ፣ ታዲያ ስንት እንደበላህ በምን እናውቃለን ቢለው፦

«እኛ አገር እንግዳ የበላው አይቆጠርም።»

፫

እዚያ ቤት ቫክታንግ ብርጭቆ አንስቶ ሳይመርቅ የሚቀምስ የለም። ምርቃቱ ደግሞ ከአያቶቹ ይነሣል፣ ተራራውን ሁሉ ይዞራል፣ የዓለም ሰላም ላይ ይደርስና እንደገና ወደ አያቶቹ ይመለሳል። ስለ ልጅቷ አንድ ቃል የለም። ይልቃል ላብ በላብ ሆነ። ሽብሩ ብድግ አለና ትልቁን ኺንካሊ በምርቃቱ መሃል ቫክታንግን አጎረሰው።

«አባት ሲመርቁ አፋቸውን በባዶው አናደክምም» አለ። መቼም ሽብሩ ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረበትም።

፬

ቫክታንግ ጉርሻውን እንደዋጠ የወይን ጠጅ በዋንጫ ሞልቶ ለይልቃል ሰጠው። ዋንጫው የምር ቀንድ ነው፤ እንደኛ ዋንጫ መቀመጫ የለውም፣ ጫፉ ሹል ነው። ይልቃል አንዴ ተጎንጭቶ ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጠው ቢል፣ ግራ ቢለው ቀኝ ቢለው እምቢ አለው። የቫክታንግ ፊት ጠቆረ። ይህ ከተቀበሉት በኋላ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም፤ ይህን ያልያዘ እጅ ልጄን እንዴት ይይዛታል አለ። ማናና ሳህን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ይልቃል አለቀልኝ ብሎ አንገቱን ደፋ። ቫክታንግን እሺ ያሰኘው የሽብሩ መልስ ይህ ነው፦

«ልጅዎንም በዚሁ ደንብ ይስጡት፤ ማስቀመጫ እንዳጣ ይኑር።»