የዘበኛው ውሻና የእህቴ ዶሮዎች

በአንድ ወቅት፣ ወሎ ውስጥ ስሟን በማልጠራት ትንሽ ከተማ፣ በአንድ የአባት ግቢ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህት ይኖሩ ነበር። «በአንድ ወቅት» ማለቴ ነገሩ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ካቻምና የሆነ ነው። እንደ ተረት ካልጀመርኩት እጨርሰዋለሁ ብዬ አልተማመንኩም፤ ከሦስቱ ትልቁ እኔ ነኝና። የቀኑን ቁጥር፣ የጫጩቶቹን ብዛት፣ ማን ቀድሞ ምን እንዳለ ላሳስት እችላለሁ። ለዚያ እርጅናዬን አይታችሁ እለፉኝ። ያደረግኩትን ግን አላሳስትም።

ስሜ አራጋው ነው። ከእኔ ቀጥላ ይመኙሻል ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው በዶሮዎቿ ነው። ታናሻችን ጌጡ ልብስ ሰፊ ሲሆን የስፌት መኪናውን በረንዳው ላይ አስቀምጦ ይሠራል። ከግቢያችን ማዶ ደግሞ አንድ መጋዘን የሚጠብቅ አያሌው የሚባል ሽማግሌ ዘበኛ ነበር። ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሞተ። ቡላ የተባለው ውሻው ቀብሩን ተከትሎ ሄዶ ተመለሰና ሦስት ቀን መጋዘኑ በር ላይ ተኛ። በአራተኛው ቀን ወደ እኛ በር መጣ።

ያን ሰሞን ባለቤት የሌለው ውሻ ሁሉ ከምኩራብ እሑድ በኋላ ባለው ቅዳሜ እንደሚወገድ በድምፅ ማጉያ ተነግሮ ነበር። ሰውም እንስሳም የማይነካ፣ ባለቤት ያለው ውሻ ግን ተመዝግቦ አንገቱ ላይ ቁጥር ይታሰርለታል ተባለ። ለቡላ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ይህን የምናገረው ለመመስገን አይደለም፤ በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ቡላ ገብቶ ግቢውን ገና በቅጡ ሳያይ የይመኙሻልን ቀይ ቄብ አንገቷን ይዞ አራግፎ ገደላት።

«እግሩ ሳይገባ አፉ ገባ!» ብላ ጮኸች ይመኙሻል። «ጋሼ፣ ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ እኔ ከነዶሮዎቼ ልውጣልህ!»

«ካወጣነው እኮ ይገድሉታል» አልኳት።

«ታዲያ እኔ ነኝ የምገድለው? ገዳዩስ እሱ!»

ጌጡ ከስፌቱ ቀና አለ። «እትዬ፣ እስከዚያች ቅዳሜ ታገሺን። ሌላ ዶሮ ከነካ ራሴ ጎትቼ አወጣዋለሁ።»

ይመኙሻል ቄቧን በክንፏ አንጠልጥላ «እስከ ቅዳሜዋ» ብላ ገባች። እንግዲህ ቡላ ወይ ከዶሮ ጋር መኖር ይለምዳል፣ ወይ ይሞታል።

መጀመሪያ የተነሣው ጌጡ ነው። የገመዱን አንድ ጫፍ ከቡላ አንገት፣ ሌላውን ከራሱ ወገብ አሰረ። ዶሮዎቹ ጥሬ በሚለቅሙበት ደጅ አጠገብ ተቀምጦ እየሰፋ፣ ቡላ ወደ ዶሮ ባየ ቁጥር ድምፁን ሳያነሣ «ተው» ይለዋል። ውሻው ዓይኑን ሲመልስ የቂጣ ቁራሽ ይሰጠዋል። አሥራ ሁለት ቀን እንዲህ አደረገ። ወገቡ ተላጠ። ለፋሲካ የታዘዘውን የልጆች ልብስ ሳይጨርስ ቀርቶ ሰዎች ጨርቃቸውን እያነሡ ሄዱ።

ይመኙሻል አንድ ቀን ቆማ አየችውና «ጌጡ፣ ከሁለታችሁ የታሰረው የትኛው ነው?» አለችው።

«እኔ ነኝ እንጂ እትዬ! ሽንት ቤት እንኳ ይሁንታውን ጠይቄ ነው የምሄደው።»

በአሥራ ሦስተኛው ቀን የተነሣችው ይመኙሻል ናት። «ገመድ ያስተማረው ገመድ እስኪበጠስ ነው። ዶሮን ዶሮ ታስተምረው» አለች። ከዶሮዎቿ ሁሉ የምትሳሳላት ገብስማዋ ነበረች። ከተፈለፈሉ ሦስት ቀን የሆናቸው አሥራ አንድ ጫጩቶች ነበሯት፤ የዓመቱ ተስፋዋ እነዚያ ነበሩ። ቅርጫቱን ገልብጣ ገብስማዋን ከነጫጩቶቿ ለቀቀችና ጌጡን «ፍታው» አለችው። ጌጡ ፈታው። ቡላ ሁለት እርምጃ ሲሄድ ገብስማዋ ክንፏን ዘርግታ ፊቱ ላይ ወጣች። አፍንጫውን በመንቆሯ ወጋችው፤ ደማ። ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ሁለት ጫጩቶች ከእግሩ ሥር ገቡና ሞቱ። እሱ ግን ከግድግዳው ጥግ ሄዶ ተኛ፤ ፊቱንም አዞረ። ይመኙሻል ሁለቱን ጫጩቶች በነጠላዋ ጫፍ አነሣቻቸው። «ዘጠኙ ይበቁኛል» አለች። ድምፅዋ ግን የበቃት ሰው ድምፅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ቡላ ዶሮ ሲያይ ራሱን ያዞር ነበር። ይህን አልደብቅም፤ ፍርዳችሁ ላይ ይጠቅማችኋል።

ሦስተኛው እኔ ነኝ። ሐሙስ ጠዋት፣ ቅዳሜ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቡላ ዶሮዎቹ በሚጥሉበት ጎጆ ራሱን አስገብቶ ሲያሸት አየሁት። ሲወጣ ከንፈሩን ላሰ። እንቁላል አልጎደለም፤ ቆጥሬያለሁ። እኔ ግን ፈሪ ሰው ነኝ። ቅዳሜ ሰዎቹ ፊት ቢስትስ አልኩ። አባታችን እንቁላል የሚሰርቅ ውሻ ሲያጋጥመው የተቀቀለ እንቁላል ከፈላ ውኃ አውጥቶ በአፉ ውስጥ ያደርግና መንጋጋውን ገጥሞ ይይዝ ነበር። በአገራችን የታወቀ ነው። ግን ለሌባ ውሻ ነው፤ ቡላ እንቁላል አልሰረቀም ነበር። ያን ቀን ጌጡና ይመኙሻል ለቅሶ ሄደው ነበር። እንቁላሉን ቀቀልኩ። «ቡላ» ብዬ በቂጣ ጠራሁት። በሩን የከፈትኩለት ሰው ነኝና ጅራቱን እየቆላ መጣ። አባቴ እስከ አሥር ይቁጠር እስከ ሃያ ትዝ አላለኝም። እርግጠኛ ልሁን ብዬ እስከ ሃያ ቆጠርኩ።

ስለቀው አልጮኸም። እንቁላሉን ተፋና ከአጥሩ ሥር ገባ። ወቅቱ ጾም ስለሆነ እንቁላል መቀቀሌ እንዳይታወቅ ከነቅርፊቱ ጓሮ ቀበርኩት።

ቅዳሜ መዝጋቢው መጣ። ዶሮዎቹ በቡላ ዙሪያ ይጭሩ ነበር፤ አንዷማ ጅራቱ ላይ ቆመች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል።

«እንዲህ ያለ ውሻ አላየሁም» አለ ሰውየው። «በማን ስም ልጻፈው?»

ጌጡ አፉን ሊከፍት ሲል እኔ «በአራጋው» አልኩ። ለምን እንደቸኮልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጌጡ ወደ መሬት አየ። ይመኙሻል «ይሁን፣ ታላቅ ነው» አለች። ቁጥሩ ታሰረ።

ቡላ አራት ቀን እህል አልቀመሰም። «ጌታው ትዝ ብሎት ነው፤ ከሰው ይልቅ ውሻ ያዝናል» አለች እህቴ።

በሰሙነ ሕማማት ዶሮዎቹ ጓሮውን ሲጭሩ የእንቁላሉን ቅርፊት አወጡት። ይመኙሻል አንሥታ አገላበጠችው። «የተቀቀለ ነው! በሁዳዴ!» ብላ ጌጡ ላይ ዞረች። «ወገቤ ተላጠ እያልክ ስታለቅስ ለካ በስውር እየጠገንከው ነው፤ ጾም ገዳፊ!»

«እትዬ ሙች፣ እኔ አይደለሁም።»

«እኔን አትግደለኝ፤ ጾሙን መግደልህ ይበቃል!»

እሷ ሳቀች። እሱ ግን በስቅለት ዓርብ ሲሰግድ ሰው ሁሉ የሚያየው ይመስለው ነበር፤ ታውቆኝ ነበር፤ «እኔ ነኝ» ግን አላልኩም።

ከፋሲካ በኋላ ጌጡ አጥንት ሲሰጠው የቡላን ምላስ አየ። «ጋሼ፣ ይህ ውሻ ምላሱ ላይ ጠባሳ አለው። ማን ነው እንዲህ ያቃጠለው?» አለኝ። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። እኔ ግን «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ያ ዘበኛ ይሆናል» አልኩ።

በሰኔ የአያሌው ልጅ ዘርፌ ከባቲ መጣች፤ ሕፃን አዝላለች። አባቷ ሲሞት አራስ ስለነበረች አልደረሰችም። ቡላ ገና ከበሩ ድምፅዋን ሲሰማ እግሯ ላይ ወድቆ አልነሣም አለ።

«የአባቴን ውሻ ልወስድ ነበር» አለችን። «ግን እኔም የምኖረው በዶሮ ነው። ከዶሮ ጋር ያስለመደው ማን እንደሆነና እንዴት እንደሆነ ንገሩኝ፤ እኔም እንደዚያው አድርጌ ላስለምደው።»

ጌጡ ስለ ገመዱ ነገራት። ይመኙሻል ስለ ገብስማዋ ነገረቻት። ዘርፌ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ፣ አባባ?»

«እኔ በሩን ነው የከፈትኩለት» አልኩ።

ይመኙሻል ከጌጡ ሰምታ ነበርና፣ በክፋት ሳይሆን «ልጄ፣ ምላሱን ግን አባትሽ ምን ነክቶት አቃጠለው?» አለቻት።

ልጅቱ ደነገጠች። «አባቴ? አባቴ ጥርስ አልነበረውም። ቂጣውን በሻይ ነክሮ መጀመሪያ ለቡላ ነበር የሚያጎርሰው።» የቡላን አፍ ከፍታ ጠባሳውን አየች። ከዚያ ሕፃኑን አጥብቃ አዘለች። «ልጅ አባቱን አውቃለሁ ይላል እንጂ ለካ አያውቀውም። ይቅር፤ እዚሁ ይኑር። እኔን ባየ ቁጥር አባቴን ካስታወሰው ግፍ ነው።» ውሻው እስከ በሩ ተከተላት። ሲያቃጥለው የኖረን ሰው ልጅ ውሻ እንዲያ አይከተልም፤ ሦስታችንም አይተናል፤ የገባው ግን ለእኔ ብቻ ነው።

በነሐሴ የአያሌው መንፈቅ ደረሰ። ጌጡ «እንሂድ፣ ጎረቤት ነበር» ሲል ይመኙሻል «አፍ የሌለውን እንስሳ አፉን ላቃጠለ ሰው? አልሄድም» አለች። እኔ ብቻዬን ሄድኩ። ዘርፌን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ንፍሮ ስታድል አየኋት። ልነግራት ሦስት ጊዜ ቀረብኩ። ሦስተኛው ላይ እጄ ላይ ንፍሮ አደረገችልኝና «እግዜር ይስጥልኝ አባባ፣ ከሰፈሩ የመጡት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለችኝ። ንፍሮውን ይዤ ተመለስኩ።

ያን ዕለት በረንዳው ላይ ለሁለቱም ሁሉን ነገርኳቸው፤ እንቁላሉን፣ ቅርፊቱን፣ ሟቹን። ጌጡ የስፌት መኪናውን አቆመ።

«ስንት ቆጠርክ?»

«ሃያ።»

ሌላ አልጠየቀኝም። ይመኙሻል ግን «ወንድሜን ጾም ገዳፊ አሰኘኸኝ! ሙት አስወቀስከኝ!» ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ከዚያ ወዲህ ግቢያችን አልተስማማም። ጌጡ «ያስለመድኩት እኔ ነኝ፤ የእናንተ አንድ አንድ ቀን ነው፣ የእኔ አሥራ ሁለት» ይላል። ይመኙሻል «አንተ ገመድህን ነው ያዋስከው፣ እኔ የገብስማዬን ልጆች ሰጥቻለሁ፤ ዶሮ መንካት የተወውም በእሷ ነው» ትላለች። አንድ ቀን ግን ሁለቱ ሲከራከሩ ጌጡ ራሱ «እንግዲህ እውነቱ ከተነገረ፣ ጎጆውን ካሸተተ በኋላ ዳግመኛ ወደዚያ ያልሄደው ከእንቁላሉ ወዲህ ነው» አለ። ያቃጠልኩት ለመልካም ሆኖ ይሆን? ወይስ የተማረውን ውሻ ነው በከንቱ ያቃጠልኩት? የሚያውቀው ቡላ ብቻ ነው። ቡላ ከጌጡ እግር ሥር ይተኛል፤ ከይመኙሻል ኋላ ይሄዳል። እኔ በር ስከፍት ጅራቱን እየቆላ ይመጣል፤ እጄን ወደ እሱ ስዘረጋ ግን መንጋጋውን ይገጥማል።

በጳጉሜ ሦስት፣ ሰው ሁሉ በዝናቡ ሲጠመቅ፣ የዘርፌን ስልክ ከመጋዘኑ ሰዎች አግኝቼ ደወልኩላት። ሁሉን ነገርኳት። ሕፃኑ ሲያለቅስ፣ እሷም ስታባብለው ይሰማኛል። ሕፃኑ ጸጥ ሲል ተናገረች።

«አባባ፣ አባቴን መለሱልኝ። ዘግይተው ቢሆንም መለሱልኝ። ውሻው ከሦስታችሁ ለሚገባው ይሁን። የሚገባው ከሌለ ላኩልኝ። ፍርዱን ግን እርስዎ አይፍረዱ።»

ከዚያች ቀን ወዲህ ወሬዋን አልሰማሁም፤ ስልኩም አይነሣም። ቁጥሩ እስካሁን በእኔ ስም ነው፤ ለመቀየር በማን እንደምንቀይር መስማማት አለብን። ስለዚህ እናንተን እጠይቃለሁ፤ ወገቡን ለላጠው ነው? ጫጩቶቿን ለሰጠችው? በሩን ከፍቶ አፉን ላቃጠለው? ወይስ የአባቷን ስም ተቀብላ ውሻውን ለተወችው?

ቡላ ለማን ይገባል?