የፊታውራሪ አጎናፍር ምሰሶ

ፊታውራሪ አጎናፍር ዛፍ እጅግ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ምሰሶ ሆኖ ሲያዩት ደግሞ ፍቅሩ ይብስባቸዋል። ለአዲሱ አዳራሻቸው ምስጥ የማይደፍረው እንጨት ሲያፈላልጉ የአንድ ድሃ ገበሬ ትልቅ ወይራ ዓይናቸው ገባ። ገበሬው የሚኖረው እዚያ ወይራ ላይ ከሰቀላቸው ቀፎዎች በሚቆርጠው ማር ነው። ፊታውራሪ ግን ደን አጥፊ መባልን አጥብቀው ስለሚፈሩ፣ መጥረቢያ ከያዙት ሰዎች ጋር ስንዝር የማትሞላ የወይራ ችግኝ አስይዘው መጡ።

ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ «እንካ!» አሉት። «አንድ ዛፍ ወሰድኩ፣ አንድ ዛፍ ተካሁ። ደኑም አልጎደለ፣ አንተም አልተበደልክ። ተበደልኩ ካልክ ግን ፊታውራሪን ዋሾ እንዳልክ ይቆጠርብሃል!»

በፍርዳቸው ራሳቸው ረኩ። እንዲህ ያለ ርኅራኄ ከአባታቸውም አልታየም።

ገበሬው እጅ ነሥቶ ችግኟን ተቀበለ፤ አገላብጦ አያትና መልሶ ዘረጋላቸው።

«ጌታዬን ዋሾ ከምል አፈር ልብላ! እኩል ናቸው ካሉ እኩል ናቸው። ታዲያ ይህን ግንድ ለመቁረጥና ለመጎተት ሰው በከንቱ ለምን ይድከም? ይቺን ያቁሙና ጣሪያውን ይጫኑባት።»

ፊታውራሪ ወይራውን ሳያስቆርጡ ችግኟን አስይዘው ተመለሱ፤ አዳራሹን ግን በእሷ አልሠሩትም።