ይዤሻለሁ ያለው እጅ

ልጆችን ወደ ኋላ መገልበጥ የሚያስተምር አንድ ሰው ነበረ።

እትዬ ማንአህሎሽ ወላጅ ሲጠይቃቸው መልሱን በቀጥታ አይናገሩም፤ ዛሬም በዚህ ጀመሩ። ጠያቂው ልጁን ገና በዚህ ሳምንት መዋዕለ ሕፃናት ያስገባ ወጣት አባት ነው። ልጁ በየጠዋቱ የአባቱን ሱሪ ጨብጦ አልለቅም ይላል። ሌሎች ወላጆች ዘዴ ነግረውታል፦ ዥዋዥዌው ላይ አስቀምጠው፣ ጨዋታው ሲጥመው ሹልክ በል። እንዲህ ማድረግ ልጁን ይጎዳው እንደሆነ ነበር ጥያቄው። ልጁ አሁን ዥዋዥዌው ላይ ነው። እትዬ ማንአህሎሽ በዚያ ግቢ ብዙ ልጅ ያስተማሩ መምህርት ናቸው። አግዳሚ ወንበራቸው ላይ ጠጋ ብለው ለአባትየው ቦታ ሰጡትና ቀጠሉ።

ሰውየው ወጣት የጅምናስቲክ አሰልጣኝ ነበር። በልጅነቱ ራሱም ሠርቷል፤ ከጓደኞቹ ግን አንዱንም አይበልጥም ነበር፤ ይህንንም አልረሳም። ስለዚህ አሰልጣኝ ሲሆን፣ በችሎታ ያጎደልኩትን በጥንቃቄ እሞላዋለሁ አለ። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሳይመጡ ቀድሞ ከቀበሌው አዳራሽ ይደርሳል። ፍራሾቹን ያነጥፋል፤ መጋጠሚያቸውን በተረከዙ እየረገጠ ይፈትሻል፤ የልጅ ጣት የምታስገባ ክፍተት ካገኘ እንደገና ገፍቶ ያጋጥማቸዋል። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ራሱ ይንከባለልባቸዋል። አቧራው ካስነጠሰው ተነሥቶ ይጠርጋል።

አዳራሹ የእሱ አይደለም። ስብሰባ ያለ ቀን ፍራሾቹን ተሸክሞ ያወጣል፤ ሠርግ ያለ ቀን ደግሞ የሙሽራው ወንበር ሲደረደር ልጆቹን ሣር ላይ ያሠራል። ልጆቹም ልጆች ናቸው። አንዱ ምሳውን አሁን በልቶ፣ ኪሱ ውስጥ ብስኩት ሸጉጦ ይመጣል። አንዷ ተራዋ በደረሰ ቁጥር ሽንቷ ይመጣል። አንዱ ጥርሱ የተነቃነቀ ቀን ሰውነቱን ማፍታታቱን ትቶ ጥርሱን ለሁሉም ሲያስነካ ይውላል። ወላጅ ሲመጣ ደግሞ አንዷ እናት፣ የልጄ እግር ቢጣመም ማን ያገባታል ትለዋለች፤ አንዱ አባት፣ ልጄ ቴሌቪዥን ላይ የሚወጣው መቼ ነው ይለዋል። ለሁለቱም በትሕትና ይመልሳል። ትክክለኛው መልስ የሚመጣለት ግን ሁልጊዜ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ መንገድ ላይ ነው።

እንዲህም ሆኖ፣ ልጆቹ ከበሩ ጀምረው «ኮች! ኮች!» እያሉ ሲሮጡና ክንዱ ላይ ሲንጠለጠሉ ድካሙ ሁሉ ጥሎት ይሄዳል።

ከሥራው ሁሉ ትልቁ በእጁ ላይ ነበር። ልጅ ወደ ኋላ ስትገለበጥ ወለሉንም ጣሪያውንም የማታይባት አንዲት ቅጽበት አለች። በዚያች ቅጽበት ከአሰልጣኟ እጅ በቀር ምንም የላትም። እሱም አንድ እጁን ወገቧ ሥር፣ ሌላውን ከጭኗ ኋላ አድርጎ፣ «ይዤሻለሁ» ይላል፤ ልጅቷም ራሷን ትወረውራለች። ይህ ነገር በየቀኑ ያስገርመው ነበር። እርሳሷን ለጎረቤቷ የማታውስ ልጅ፣ አንገቷን ለእሱ ትሰጠዋለች።

ከልጆቹ መካከል ማራኪ የምትባል አንዲት ወሬኛ ልጅ ነበረች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ገና አልበቀሉም። ለትምህርት ቤቷ የመዝጊያ በዓል ወደ ኋላ ልትገለበጥ እንደሆነ ለሰፈሩ ሁሉ ነግራለች፤ ለባለሱቁም፣ ለዘበኛውም፣ የምታውቀውም የማታውቀውም ሰው አልቀራትም። የአሰልጣኙ እጅ ሲኖር እንደ ላባ ትዞራለች። እሱም ከሰነበተ በኋላ አንድ ነገር አስተዋለ፦ ክብደቷ መዳፉ ላይ አያርፍም፤ ሸሚዟ ብቻ ነካ አድርጎት ያልፋል። ሰውነቷ ችሏል ማለት ነው። ነገር ግን አሁን ብቻሽን ሞክሪ ሲላት፣ ክንዶቿን ወደ ላይ ትዘረጋለች፣ ትቆማለች፣ ትቆማለች፣ ከዚያ ክንዶቿን ታወርዳለች። «ኮች፣ ያዘኝ» ትላለች። በዓሉ ላይ ደግሞ መድረክ ወጥቶ የሚይዝ ሰው የለም።

በዚያው አዳራሽ ትልልቆቹን ወንዶች የሚያሠለጥን አንድ አንጋፋ ባልደረባ ነበረው። እሱን አማከረው። አንጋፋውም ሳቀበት። ይህ ደግሞ ጭንቅ ነው እንዴ አለው፤ ይዤሻለሁ በልና ልቀቃት፤ ስትቆም ታምናለች። «እኔን እንዴት ያስተማሩኝ ይመስልሃል? ይዤሃለሁ ብለው ለቀቁኝ። ከዚያ ወዲያ ማንም ይዞኝ አያውቅም» አለ፣ በኩራት።

አሰልጣኙ ነገሩን እያገላበጠ አሰበው። ልጅቷ እንደማትወድቅ እርግጠኛ ነው። አጥንት የማይሰብር፣ ደስታ የሚያመጣ ውሸት ነው። በዓሉም ቀርቧል። እንዲያም ሆኖ ልቡ ተው ይለው ነበር፤ እሱ ግን የራሱን ልብ አያምንም፤ ሁልጊዜ የሚጠራጠር ልብ ትክክል የሆነ ቀንም ሰሚ አያገኝም። በማግስቱ ማራኪ ክንዶቿን ስትዘረጋ፣ «ይዤሻለሁ» አላትና እጁን ሰበሰበ።

ልጅቷ ተገለበጠች። እግሮቿ ፍራሹ ላይ አንድ ላይ አረፉ፤ ከዚያ በፊት እንዲያ አምራ ቆማ አታውቅም። ልጆቹ አጨበጨቡ። ከመካከላቸውም አንዱ፣ «አልያዘሽም! ኮች አልያዘሽም እኮ!» ብሎ ጮኸ።

ማራኪ ዞር ብላ የአሰልጣኟን እጆች አየች። «አልያዝከኝም?»

እሱ እየሳቀ፣ ብቻሽን ሠራሽው አላት፤ አየሽ፣ ትችያለሽ አላት። እሷ ግን አልሳቀችም። «ይዤሻለሁ ብለኸኝ ነበር» አለችና ወደ ዳር ሄዳ ጫማዋን አጠለቀች።

ልጅ ነች፣ ትረሳዋለች አለ አንጋፋው። አልረሳችም። በሚቀጥለው ጊዜ መጣች፤ መምጣቱንስ አልተወችም። ነገር ግን አሰልጣኙ በእውነት ይዟት ሳለ፣ እጁ በእርግጥ ወገቧ ሥር ሳለ፣ ልትገለበጥ ስትል አንገቷን አዙራ ታያለች። እጁ አለ፤ ለእሷ ግን የለም። ሕመሙ ወደ ሌሎቹም ተዛመተ። ይዤሃለሁ ሲለው አንዱ፣ «ማርያምን በል» ይለዋል፤ ሌላዋ፣ «ወላሂ በል» ትለዋለች። ያ «አልያዘሽም» ብሎ የጮኸው ልጅ ራሱ ተራው ሲደርስ፣ ኮች መጀመሪያ እጅህን አሳየኝ ማለት ጀመረ። ልጆቹ ይሳሳቃሉ። አሰልጣኙ ግን ወደ ኋላ እየተገለበጠ አንገቱን የሚያዞር ልጅ ምን እንደሚያገኘው ያውቃልና ሳቁ አልመጣለትም።

የፈራውም ደረሰ። ማራኪ አንድ ቀን ክንዷን ዘርግታ ተነሣች፤ አየር ላይ ሳለች እጁን ፍለጋ ዞረች። ሰውነቷ ተጣመመና በአንገቷ ወረደች። እሱም ሳያስብ ከሥሯ ገብቶ በደረቱ ተቀበላት፤ ሁለቱም ተያይዘው ፍራሹ ላይ ወደቁ። ምንም አልሆነችም። እንዲያውም ቀድማ የተነሣችው እሷ ነች።

ከዚያም ልጆቹን ሁሉ ጠርቶ በዙሪያው አስቀመጣቸው። «ያን ቀን ይዤሻለሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው» አላት ለማራኪ፣ ሁሉም እየሰሙ። «አጥፍቻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ ማየት በአገራችን ብዙ አልተለመደም። ልጆቹ ወዴት እንደሚያዩ ጠፋቸው። አንዱ ከእፍረት ብዛት ሳቀ። አንጋፋው ባልደረባም ከአዳራሹ ማዶ ፊቱን አዞረ። አሰልጣኙ፣ እሺ ትለኛለች፣ ነገሩም ያልቃል ብሎ ነበር። ማራኪ ግን እሺ አላለችም። የወለቁት ጥርሶቿ ቦታ ላይ ምላሷን አድርጋ አሰበች።

«ስትይዘኝ ያዝኩ በል። ስትለቀኝ ለቀቅኩ በል።»

«ለቀቅኩ ካልኩሽ ትፈሪያለሽ።»

«እፈራለሁ።»

«ታዲያ?»

«አውቄ ልፍራ» አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አሰልጣኙ እንደ ቃሏ አደረገ። አሁን በሁለት እጄ ነው የያዝኩሽ ይላል። አሁን በአንድ እጄ ነው። አሁን አልነካሽም፣ እጄ ግን ከሥርሽ ነው። ለሌሎቹም እንደዚሁ። ሥራው ተጓተተ። ድሮ በአንድ ቃል ያልቅ የነበረው አሁን ንግግር ሆነ፤ አንዳንዱም ልጅ፣ ኮች እኔን ደግሞ በሦስት እጅ ያዘኝ እያለ ያሾፍበት ጀመር። እሱም ሦስተኛውን እጄን ቤት ረስቼው መጣሁ ይላል። አንገታቸው ግን አንድ በአንድ ቀና። ማርያምን በል የሚለውም ቀረ፤ መቼ እንደቀረ ማንም ልብ አላለም።

በዓሉ ደረሰ። ማራኪ በዓሉ ላይ አልተገለበጠችም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሆና በእጇ ተሽከርክራ ወረደች። ባለሱቁ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ነበርና፣ የታለ ያ ሁሉ የተወራለት መገልበጥ ሲል ቀለደባት። ገና ነው አለችው። አሰልጣኙ ይህን ሰማ። ያን ቀን ዝም ብል ኖሮ፣ ያ ልጅ ባይጮህ ኖሮ፣ ዛሬ መድረክ ላይ ትገለበጥ ነበር ይሆን? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን እያሰበ ነው ራሱን ያጽናናው፤ መጽናናቱም ግማሽ ብቻ ነበር።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ከልጆቹ የመጡት ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። ማራኪ ፀጉሯ ረጥቦ፣ ካልሲዋን እየጨመቀች ገባች። ሰውነቷን አፍታታች፤ ወጉን አላጓደለችም። ከዚያ ፍራሹ ጫፍ ላይ ቆመች። አሰልጣኙም እንደ ልማዱ ሊቀርባት ሲል አስቆመችው።

«ኮች፣ ዛሬ እጅህን አታምጣ» አለችው። ትንሽ ቆየችና ደግሞ፣ «ግን እንዳትሄድ» አለች።

«እጄን አላመጣም» አላት። «እዚሁ ነኝ።»

እጁ ያለ ፈቃዱ ወደ እሷ ሊሄድ ይፈልጋል፤ ከለከለው። ልጅቷ ክንዶቿን ዘረጋች፤ ቆመች። ዝናቡ ይወርዳል። ከዚያም ወደ ኋላ ሄደች፣ አንገቷን ሳታዞር።

ስታርፍ አንድ ጉልበቷ ፍራሹን ነካ። ያን የውሸቱን ቀን ያህል አላማረም። ቢሆንም ተነሥታ ሁለት ክንዶቿን ወደ ላይ ሰቀለች፤ እዚያ የነበሩት ልጆችም እስኪያጨበጭቡላት አላወረደችም። ለአሰልጣኙም ዞር ብላ፣ አንተም አጨብጭብ እንጂ አለችው። ዓይኑን እየጠረገ ስለነበር ነው የዘገየው።

እትዬ ማንአህሎሽ እዚህ ላይ ወሬውን አቆሙና ወደ ወጣቱ አባት ዞሩ።

«አየህ ልጄ፣ ያቺ ልጅ ወላጇ ሸውዷት እንደሄደባት ልጅ ናት። አሰልጣኙም አንተ ነህ። አሁን ሹልክ ብትል ልጅህ ዛሬ ላያለቅስ ይችላል። ዛሬ ያማረ ቀን ይሆንልሃል፤ እንደዚያ ውሸት ቀን። ነገ ግን ሱሪህን በሁለት እጁ ይይዘዋል። አጠገቡ ቁጭ ብለህ እንኳ አያምንህም፤ እየተጫወተ አንገቱን ወደ አንተ ሲያዞር ይውላል። አንገቱን እያዞረ የሚጫወት ልጅ ደግሞ ይወድቃል። እኔ እዚህ ግቢ ስንቱን አንሥቻለሁ መሰለህ።»

አባትየው፣ ብነግረው ግን ያለቅሳል አላቸው።

«ያልቅስ እንጂ። አውቆ ያልቅስ። ማባበሉ የእኔ ሥራ ነው፤ ለዚህ ነው የተቀጠርኩት። አንተ ሄደህ ፊቱ በርከክ በልና፣ አሁን እሄዳለሁ፣ ምሳህን ስትጨርስ እመጣለሁ በለው። ከዚያም ምሳውን ሲጨርስ ና። ታክሲ ጠፍቶ ብትዘገይ እኔ ይገባኛል፤ እሱ ግን የሚያውቀው እመጣለሁ ያልከውን ብቻ ነው።»