ድርብ ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ተረት ተረት ስል እሺ በሉኝ። ካላችሁ ስሙኝ።

ወይዘሮ አመለወርቅ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ሃያ ስድስት ዓመት በእጃቸው ጽፈዋል። አንድ ዓርብ አለቃቸው «እስከ ሰኞ ኮምፒውተር ያልቻለ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራል» አሉ። ወይዘሮዋ ደግሞ ወንበራቸውን ይወዱታል! ራሴን አስተምራለሁ ብለው ያገለገለ ኮምፒውተርና አንድ መጽሐፍ ገዙ። ብርድ እንዳይመታው፣ አቧራ እንዳይነካው፣ እንደ ቴሌቪዥናቸው በገዛ እጃቸው የሠሩትን ዳንቴል ደርበው አለበሱት፤ ፊቱን ብቻ ገለጥ አደረጉለት። ምኞታቸው ስማቸውን መጻፍ ነበር። «አመ» ብለው ሳይጨርሱ ኮምፒውተሩ ጋለና ድርግም አለ።

«መጽሐፍ፣ ኮምፒውተሩን አስተምርልኝ! ስሜን አልጽፍም አለ፣ ሰኞም ደረሰ!»

«አላስተምርም፤ ምን አድርጎኝ?»

ወደ መነጽራቸው ዞሩ። «መነጽር፣ መጽሐፉን አንብብ! መጽሐፉ ኮምፒውተሩን አላስተምርም አለ፣ ኮምፒውተሩ ስሜን አልጽፍም አለ፣ ሰኞም ደረሰ!»

«አላነብም፤ ምን አድርጎኝ?»

ባላቸው አቶ ልሳኑ ሶፋ ላይ ተጋድመዋል። «ልሳኑ፣ መነጽሩን ወልውል! መነጽሩ መጽሐፉን አላነብም አለ፣ መጽሐፉ ኮምፒውተሩን አላስተምርም አለ፣ ኮምፒውተሩ ስሜን አልጽፍም አለ፣ ሰኞም ደረሰ!»

«አልወለውልም፤ ምን አድርጎኝ?» ብለው ዞረው ተኙ። እኔ ብሆን ውሃ እደፋባቸው ነበር።

ወይዘሮዋ ወደ ድመታቸው ዞሩ። «ድመት፣ ልሳኑን ቧጭሪው! ልሳኑ መነጽሩን አልወለውልም አለ፣ መነጽሩ መጽሐፉን አላነብም አለ፣ መጽሐፉ ኮምፒውተሩን አላስተምርም አለ፣ ኮምፒውተሩ ስሜን አልጽፍም አለ፣ ሰኞም ደረሰ!»

ድመቷ አዛጋች። «እሳቸውስ ምንም አላደረጉኝ። ግን ልጆቼ ሲሚንቶ ላይ ተኝተዋል። ያን ዳንቴል ከሰጡኝ እቧጭራለሁ።»

ወይዘሮ አመለወርቅ ዳንቴሉን ዳበስ አደረጉ። ሦስት ክረምት የፈጀ ዳንቴል! ወንበራቸውን አሰቡና ገፍፈው ሰጧት።

ድመቷ አቶ ልሳኑን ልትቧጭር፣ አቶ ልሳኑ መነጽሩን ሊወለውሉ፣ መነጽሩ መጽሐፉን ሊያነብ፣ መጽሐፉ ኮምፒውተሩን ሊያስተምር ሲነሱ ኮምፒውተሩ ቀደማቸው።

«ኧረ ተዉኝ! ታፍኜ ነው እንጂ ጠግቤ አይደለም» ብሎ በራ።

ወይዘሮዋ «አመለወርቅ» ብለው ጻፉ። ደስ ብሏቸው አለቀሱ።

ሰኞ ቢሮ ሲገቡ አለቃቸው የገዛ ራሳቸውን ኮምፒውተር በጥፊ ይመታሉ። «እምቢ አለኝ እኮ፣ ወይዘሮ አመለወርቅ!» ከላዩ ወፍራም ዳንቴል ለብሷል። ወይዘሮዋ ዳንቴሉን ገፈፉ፤ ትንሽ ቆይቶ በራ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዕቃ ግምጃ ቤት ትንፍሽ ያለ የለም።

ተረቴን መልሱ፣ ዳንቴላችሁን አንሱ።