አቤት ያለው የውሻ ጎተራ

ተረት ተረት!

የላም በረት አላችሁ? አይደለም። የላሙን ሌላ ቀን። የዛሬው የውሻ በረት ነው። እስቲ እንደገና፤ ተረት ተረት!

የውሻ በረት!

እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ! አንተ ጥግ ላይ ያለኸው፣ እግርህን ሰብስብ፤ የታመመ ጉልበቴን ትመታዋለህ። እንግዲህ ስሙኝ።

በድሮ ዘመን እንጉዳይ የምትባል አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፤ ልጅ የላትም። ያላት አንድ የበቆሎ እርሻና ሁለት ውሾች ብቻ ናቸው። እርሻዋ ጫካ ጥግ ነው፤ ጫካው ደግሞ ከርከሮ የሞላበት። ከርከሮ ታውቃላችሁ? በአፍንጫው እያረሰ የሚበላ፣ አንዴ ከገባ ለዘር እንኳ የማያስቀር አመለ ቢስ ነው። ውሾቹ ባይኖሩ እንጉዳይ አንዲት እሸት አትቀምስም ነበር።

እንጉዳይ እጇ የተባረከ ነው። ጎተራ ትሠራለች። ቀርከሃ ሰንጥቃ፣ ጎንጉና፣ ታቹን ደፍና፣ ላዩን በክዳን ገጥማ ከጨረሰች በኋላ፣ አይጥ ዙሪያውን ዞሮ ዞሮ አልቅሶ ይሄዳል እንጂ አይገባም። አገሩ ሁሉ እህሉን የሚያስቀምጠው በእሷ ጎተራ ነው።

ከእርሻዋ ጎን የጓንጉል እርሻ አለ። የጓንጉል እርሻ ሰፊ ነው። ሰው ግን ምን ቢሰፋለት ይጠግባል? ባገኛት ቁጥር፣ «እንጉዳይ፣ ብቻሽን እርሻ ምን ያደርግልሻል? ለእኔ ስጪኝና አርፈሽ ተቀመጪ» ይላታል። እሷ ከትልቅ ሰው ጋር አፍ አትገጥምም፤ ዝም ትላለች። ዝም ብትልም ለውሾቿ ስም አወጣች። ያገራችን ሰው ለጎረቤቱ ፊት ለፊት የማይለውን በውሻው ስም ይል የለ? አንደኛውን ታዘብኩህ አለችው። ሁለተኛውን ዝምአልኩህ አለችው። ማታ ማታ ደጇ ላይ ቆማ፣ «ታዘብኩህ! ኧረ ታዘብኩህ! ዝምአልኩህ፣ ና እንጂ!» ስትል፣ የጓንጉል እራት ጉሮሮው ላይ ይቀራል።

ጓንጉል አሰበ፤ አሰበና፣ «እነዚህ ውሾች ከሞቱ ከርከሮው በቆሎዋን ይጨርሳል። በቆሎው ካለቀ ትራባለች። ከተራበች እርሻውን ራሷ ታመጣልኛለች» አለ። አያችሁ የክፉ ሰው ነገር! ከርከሮውን አጋዥ አደረገው።

ሮጦ ወደ ጭቃ ሹም ቢያድግልኝ ሄደ። ጭቃ ሹም ማለት የመንደሩ ገዢም ዳኛም ነው። «ጌታዬ፣ የእንጉዳይ ውሾች ዶሮዬን ፈጁ!» አለ። ጭቃ ሹሙም እንጉዳይን አስጠርቶ፣ «አንቺ ሴት፣ ውሾችሽን ዝጊባቸው። ከተዘጉበት አንዴ ቢወጡ እምራለሁ። ሁለቴ ቢወጡም እምራለሁ። ሦስተኛ ከወጡ ግን ገደል ይጣላሉ» ብሎ ፈረደ።

እንጉዳይ ቤቷ ገብታ የውሾቹን አንገት አቅፋ አለቀሰች። «እናንተ ከሞታችሁ እኔስ ማን አለኝ?» አለች። ታዘብኩህ እንባዋን ላሰው። ዝምአልኩህ ጅራቱን ቆላ። ውሻ ምን ያውቃል፣ የምታጫውተው መስሎታል።

በማግስቱ ከእርሻው ግርጌ የእሾህ አጥር አጠረች። ጥቅጥቅ ያለ፣ ወፍ የማያሳልፍ አጥር ነው። ውሾቹን አስገባችና፣ «በሉ እዚህ ሆናችሁ ጩኹ» አለቻቸው። ጓንጉል ምን አደረገ? አጥንት አምጥቶ ከአጥሩ ውጭ ጣለ። ውሾቹ አሸተቱ። በላይ እሾህ ነው፤ በጎን እሾህ ነው። በታች ግን አፈር ነው! ጫር ጫር፣ ጫር ጫር፣ ጫር ጫር አደረጉና በሥር ሾልከው ወጡ።

«ኡ ኡ! ውሾቹ ወጡ!» አለ ጓንጉል።

«አንድ!» አለ ጭቃ ሹሙ።

እንጉዳይ አጥሩን አፈረሰች። አሁን ድንጋይ ተሸክማ፣ መሠረት ቆፍራ፣ እስከ ደረቷ የሚደርስ ካብ ካበች። ጓንጉል አጥንት ጣለ። ውሾቹ ጫር ጫር ቢያደርጉ ጥፍራቸው ድንጋይ ነካ። እንጉዳይ ከሩቅ እያየች ሳቀች። ቸኩላ ነው የሳቀችው። አንድ ምሽት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ነብር መጣ። ነብር ከውሻ ሥጋ የሚወደው የለም። በታች አልሞከረም፤ በጎን አልሞከረም። በላይ ዘሎ ዘፍ!

ውሾቹ ነፍሳቸው ልትወጣ ደረሰች። ዝምአልኩህ የሚይዘው የሚጨብጠው ቢጠፋው የነብሩን ጀርባ እንደ መሰላል ረግጦ ካቡን ዘለለ። ታዘብኩህም ተከተለው፤ የጆሮውን ጫፍ ግን ለነብሩ ትቶለት ነው። ሁለቱም ሮጠው ሮጠው የት ገቡ መሰላችሁ? ጓንጉል አልጋ ሥር!

«ኡ ኡ! ጌታዬ፣ ቤቴ ድረስ ገቡ!»

«ሁለት!» አለ ጭቃ ሹሙ። «እንጉዳይ፣ ከእንግዲህ አንድ ነው የቀረሽ።»

ይህም ሳያንስ፣ ካቡ እንደሆነ ካለበት አይነቃነቅም። ሽማግሌው ከርከሮ ልጆቹን ሰብስቦ፣ «ጩኸቱ ከታች ነው፤ እኛ ከላይ እንብላ» አላቸው። ከላይ በሉ። ጠዋት እንጉዳይ ብታይ፣ የላይኛው በቆሎ ተጋድሟል።

ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ጓዳዋ ውስጥ ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ የራሷ ጎተራ ቆሟል። አየችው። እሱም ያያት መሰላት።

«ቆይ እስቲ» አለች። «እህሌን አይጥ በታች ለምን አይገባበትም? ታቹ የተደፈነ ነዋ። በላይስ? ክዳን አለዋ። ይህ ጎተራ እዚህ የበቀለ ነው እንዴ? ከደጅ ሠርቼ፣ በሰው አሸክሜ ነው ያስገባሁት! ምነው እኔ ሞኟ፣ ለእህል የማውቀውን ለውሻ ረሳሁት!»

ዘላ ተነሣች። ቀርከሃ ሰነጠቀች፤ ጎነጎነች። የተጋደመ ረጅም ጎተራ ሠራች። ታቹ ጉንጉን ነው፤ አይቆፈርም። ላዩ ጉንጉን ነው፤ አይዘለልም። ውስጡን ጭድ ጎዘጎዘችበት። ከላይ ሰው የሚያሳልፍ ክዳን አበጀችለት፤ ክዳኑ ሲወድቅ መወርወሪያው በራሱ ቀጭ ብሎ ይቆለፋል፤ ከውጭ ካልሆነም አይከፈትም። በግራና በቀኝ ሁለት ረጃጅም አጣና አሰረችበት። አራት ሰው ሆ ብሎ ያነሣውና በየማታው ቦታውን ይለውጠዋል። ማን ያነሣላታል ብትሉ፣ ጎተራ የሠራችላቸው ጎረቤቶች ናቸዋ! ወንፈል ነው፤ ዛሬ አንቺ ለእኔ፣ ነገ እኔ ለአንቺ።

ነብሩ መጣ። ላዩ ላይ ወጣ፤ ቧጠጠ፤ ቧጠጠ፤ ጥፍሩ ቀርከሃ ውስጥ ተሰነቀረ። እየተሳደበ ሄደ። ከርከሮዎቹም መጡ። ዛሬ ከታች ሲጮኽ ወደ ላይ ሄዱ። ነገ ወደ ላይ ቢመጡ ከላይ ይጮኻል። ከነገ ወዲያ ከመሐል ይጮኻል። ሽማግሌው ከርከሮ ጅራቱን አቁሞ፣ «ኧረ ልጆቼ፣ ይቺ ሴትዮ ውሻ ዘርታ አበቀለች እንዴ? እንሂድ!» አለ። ሄዱ።

ጓንጉልስ? እሱ እንኳ አልሄደም። አጥንት እያመጣ በቀርከሃው ክፍተት ያጎርሳቸው ጀመር። «ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ካበላኋቸው በእኔ ላይ አይጮኹም» እያለ ነው። እውነቱን ነው፤ ሲያዩት ጅራታቸውን መቁላት ጀመሩ። ይህን ካየ በኋላ ቤቱ ሄዶ የራሱን በግ አረደ። ሥጋውን በበርበሬ ቀቅሎ፣ አንድ እግር ብቻ አስቀርቶ ጥርግ አድርጎ በላ። ቆዳውን ግን ደም ቀብቶ ይዞ ሮጠ።

«ጌታዬ፣ በጌን! የእንጉዳይ ውሾች በጌን በሉ!»

እንጉዳይ ሰማይ ተደፋባት። «ጌታዬ፣ ሐሰት ነው! ከዚያ ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር አይወጣም!» አለች።

«ቀዳዳ አለው» አለ ጓንጉል።

ጭቃ ሹሙ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። «ነገ ጠዋት ውሾቹ ከነቤታቸው ሸንጎ ይቅረቡ። ቀዳዳ ካገኘሁ ይህ ሦስተኛቸው ነው፤ ገደል ናቸው» አለ።

ጓንጉል ቤቱ ሲገባ ጭንቅ ያዘው። ቀዳዳ የለማ! እሱ ራሱ በየቀኑ ዞሮ አይቶታል። «እኔው ላበጀው» አለ። «ከውጭ ብቆርጠው ቢላው ይታወቃል። ከውስጥ ከቆረጥኩት ግን ውሾቹ በጥርሳቸው የበሉት ይመስላል።» ብልጥነቱን አያችሁ? ሊነጋጋ ሲል ቢላና ያስቀረውን የበግ እግር ይዞ ወደ ጎተራው ሄደ። ውሾቹ አልጮኹም። መወርወሪያውን ሳበ። ክዳኑን ቀና አድርጎ በጭንቅላቱ ደገፈ። አንድ እግሩን አስገባ። ሁለተኛ እግሩን አስገባ። ዝምአልኩህ የበጉን እግር አይቶ በደስታ ዘለለና ደረቱን ገፋው።

ዘጭ! ቀጭ!

ዘጭ ያለው ጓንጉል ነው። ቀጭ ያለው መወርወሪያው ነው። ክዳኑ ሲወድቅ እጁን መቶት ቢላው ከውጭ ቀረ። ቢገፋ የለም። ቢስብ የለም። ቢነክስ ቀርከሃ ነው። ታዘብኩህ ደግሞ፣ እንግዳ መጣልን ብሎ ፊቱን ይልሰዋል።

በዚህ መሐል እንጉዳይና አራቱ ጎረቤቶች መጡ። ጓንጉል ጭዱ ውስጥ ጥልቅ አለ። ሁለቱ ውሾች ላዩ ላይ ተኙበት፤ ይሞቃላ! እንጉዳይ ሐዘን ልቧን ሞልቶት ወደ ውስጥ እንኳ አላየችም። ከሥር የወደቀውን ቢላ ግን አንሥታ መቀነቷ ውስጥ ሻጥ አደረገችው። ጎረቤቶቹ ሆ ብለው አነሡ።

«ኤዲያ! ዛሬ ምን በልተው ነው እንዲህ የከበዱት?» አለ አንዱ።

«የተከሰሰ ይከብዳል» አለ ሌላው።

ጓንጉል ውስጥ ሆኖ፣ «ዝም ልበል፤ ሲያወርዱኝ ሾልኬ አመልጣለሁ» ይላል። በየት ሊሾልክ!

ሸንጎው ሜዳ ደረሱና ጎተራውን ጭቃ ሹሙ ፊት አኖሩት። ሰው ግጥም ብሏል። ጭቃ ሹሙ ዙሪያውን ዞረ፤ ጎንበስ ብሎ ታቹን አየ፤ በዱላው ላዩን መታ መታ አደረገ። «ቀዳዳ አላገኘሁም። ከሳሹ የት አለ? ያሳየኝ እንጂ!»

በዚያ መንደር ደንብ ነበር። ከሳሽ በስሙ ሦስት ጊዜ ይጠራል። ሦስተኛው ላይ «አቤት» ካላለ ክሱ ይወድቃል፤ ሐሰተኛም ይባላል።

«ጓንጉል!» ብሎ ተጣራ ጭቃ ሹሙ። ዝም።

«ጓንጉል!» ዝም።

ጓንጉል ጭዱ ውስጥ አፉን በሁለት እጁ አፈነ። ዝም ቢል ክሱ ይወድቃል። ቢናገር ጉዱ ይወጣል። ወስኗል፤ ዝም ሊል ወስኗል። ግን አስቡት፤ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ፣ ሹም ሲጠራው አቤት፣ አባቱ ሲጠራው አቤት፣ ንስሐ አባቱ ሲጠራው አቤት እያለ ነው ያደገው። እናንተስ እናታችሁ ስትጠራችሁ «ምን?» ብትሉ ቁንጥጫው የት ይገባል?

«ጓንጉል!!» አለ ጭቃ ሹሙ፣ ሜዳውን በሚያናጋ ድምፅ።

«አቤት ጌታዬ!» አለ ጎተራው።

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ጭቃ ሹሙ እንኳ ጢሙን ይዞ ሳቀ። መወርወሪያውን ሳቡና ጓንጉልን አወጡት። ጭድ በጭድ ሆኗል፤ ፊቱን ውሻ ልሶት ያብረቀርቃል። ዝምአልኩህ ደግሞ የበጉን እግር በአፉ ይዞ ከኋላው ብቅ አለ።

«ያውላችሁ!» አለ ጓንጉል፣ አሁንም ልቡ አልተመለሰም። «የበጌ እግር! ከአፉ ተገኘ!»

ጭቃ ሹሙ የበጉን እግር ተቀብሎ አሸተተ። አስነጠሰው። «በርበሬ አለው» አለ። «እንጉዳይ፣ ውሾችሽ ወጥ መሥራት የጀመሩት ከመቼ ወዲህ ነው?»

እንጉዳይም ቢላውን ከመቀነቷ አወጣች። «እኔስ ምን አውቄ ጌታዬ፤ ሽንኩርት የሚከትፉበት ቢላም ከደጃቸው አግኝቻለሁ» አለች።

ሰው ሁሉ ያን ቢላ ያውቀዋል፤ የጓንጉል ነው። ጭቃ ሹሙ ሳቁን አቆመ። «ጓንጉል፣ ከዚህ ውስጥ መቼ ገባህ?»

«ሊነጋጋ ሲል፣ ጌታዬ።»

«ለምን አልወጣህም?»

«መቼ ያስወጣል ጌታዬ! ገፋሁ፤ ሳብኩ፤ ነከስኩ። አይወጣም!»

«እንግዲህ» አለ ጭቃ ሹሙ፣ «ሁለት እጅ ያለው ሰው ካልወጣበት፣ ውሻ በምኑ ወጥቶ በግህን በላ? ምስክሩ አንተው ነህ። ውሾቹ ነጻ ናቸው። እንጉዳይ፣ ካሳሽን ተናገሪ፤ ምን ልፍረድልሽ?»

እንጉዳይ ውሾቿን አቀፈች። አሁንም አለቀሰች፤ የአሁኑ ግን የደስታ ነው። ቀጥላ፣ «ጌታዬ፣ ሌላ አልፈልግም። ጎረቤቶቼ ደክመዋል። በቆሎው እስኪሰበሰብ ድረስ አያ ጓንጉል ማታ ማታ በአንዱ አጣና ይሸከምልኝ» አለች።

ተፈረደ። ጓንጉል ክረምቱን ሙሉ ተሸከመ። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ ዝናብ በዝናብ ሆኖ ተሸከመ። ውሾቹ አልተቀየሙትም፤ በክፍተቱ አፍንጫቸውን አውጥተው ጆሮውን ይልሱታል። እንጉዳይም በዚያ ዓመት በቆሎዋን እስከ ጥግ ሰበሰበች። እርሻሽን ስጪኝ ያላት ሰው ከዚያ ወዲያ አልተሰማም። ጓንጉልም ሰው በስሙ ሲጠራው፣ አቤት ከማለቱ በፊት የት እንዳለ ግራ ቀኙን ማየት ለመደ።

እና ምን ተባለ ልጆች? «ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፤ ማን እንደሚገባበት አታውቅምና።» ጓንጉል እንኳ መቆፈሩንም አልደከመም፤ ሰው በሠራው ዘሎ ገባ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በእሸት አብሱ! የሰው ጎተራ ስትከፍቱ ግን ክዳኑን አደራ።