በጉም ውስጥ የተሰማው አባ ኮዳ

አንድ ሰው ነበረ፤ ወፍ ማየት ነፍሱ ነው። ልጄ፣ «ሕፃን ታቅፌ ብቻዬን ቀረሁ፤ ረዳት ላክልኝ እያልሁ ስለምነው እግዚአብሔር ለምን ዝም አለኝ?» ስላልሽኝ የዚህን ሰው ነገር ልንገርሽ።

ሰውዬው የሚኖረው ሐይቅ ዳር ነው። ማለዳ ተነሥቶ ዓሣ ነጥቆ የሚበረውን ንስር፣ በደንገሉ መካከል የምትሽሎከሎከውን ሰማያዊ ወፍ ሲያይ ደስታው ልክ የለውም። አባ ኮዳን ግን ዓይኑ አይወደውም። «ራሱ ተመልጦ፣ ጉሮሮው ተንዠርግጎ፣ ዓሣ አጥማጆች በሚበልቱበት ቆሞ የዓሣ ሆድ ዕቃ የሚሻማ፣ እሱም ወፍ ተብሎ!» ይላል።

አንድ ማለዳ ሚስቱን «ነዪ፣ ከሐይቁ ማዶ ያሉትን የንስሩን ጫጩቶች ላሳይሽ» ብሎ በታንኳ ይዟት ወጣ። እንደ ሰው ሁሉ ከዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ መነሣት ሲገባው፣ አባ ኮዳዎቹን ላለማየት ሲል ዞሮ በደንገሉ በኩል ገባ። መውጣታቸውን ያየ የለም።

መሀል ሲደርሱ ጉም ወረደባቸው። ዳርቻው ጠፋ። ታንኳው ውኃ ማስገባት ጀመረ፤ ሚስቱ በጣሳ እየጨለፈች ትደፋለች፤ ከቅርብ ጉማሬ ሲያናፋ ይሰማል። ሰውዬው ወዴት እንደሚቀዝፍ ግራ ገባው። «ጌታዬ፣ ሰው ላክልኝ! ኧረ የሰው ያለህ!» እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ ጮኸ።

«አንተ ሰውዬ፣ እስቲ ዝም በል!» አለችው ሚስቱ። «ቢመልስልህስ በየት በኩል ትሰማዋለህ?»

ዝም አለ። ይኼኔ ከግራ በኩል ደረቅ እንጨት ሲጋጭ የመሰለ ድምፅ መጣ።

«ምን ይረባል፣ አባ ኮዳ ነው መንቆሩን የሚያጋጨው» አለ ተስፋ ቆርጦ።

«ምን ይረባል ትላለህ? አባ ኮዳ የሚሻማው ዓሣ የሚበለትበት አይደል? ሰው ያለበት! ቅዘፍ እንጂ!»

ቀዘፈ። ድምፁን ተከትሎ ቀዘፈ፣ ቀዘፈ፤ የታንኳው ጫፍ አሸዋ ነካ። አንድ ትልቅ አባ ኮዳ ቆሞ ቁልቁል ያየዋል። ሰውዬው ወረደና ባርኔጣውን አንሥቶ፣ «እንደምን አደሩ፣ አባቴ» አለው። ሚስቱ የራሰ ቀሚሷን እየጨመቀች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ተመስገን» አለች፤ ደግሞ ሳቀች።

ልጄ፣ እኔ መንገዱ ርቆኝ አልደረስሁልሽም። ግን አማትሽ መጥተው በር ሲያንኳኩ ጎረቤቶችሽን «ተኝታለች በሏቸው» ማለትሽን ሰምቻለሁ። አውቃለሁ፤ ድምፃቸው ጆሮ ይበሳል፣ የማይተቹት ነገርም የለም። ሕፃን ካቀፉ ግን እጃቸው የታመነ ነው። እግዚአብሔር ዝም አላለሽም፤ የመለሰልሽ በማትወጂው ድምፅ ሆኖብሽ ነው እንጂ። ነገ ሲመጡ ልጁን ስጪያቸውና ገብተሽ ተኚ።