የአንጀት ሐኪሙና ስልሳዎቹ በሽተኞች

አንድ የአንጀት ሐኪም ነበረ። ስሙ ዶክተር ልሳነወርቅ ይባላል። የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ልብና አንጎል ሲመርጡ እሱ አንጀት መረጠ። ያን ጊዜ «ሰው ይህን ሁሉ ዓመት ተምሮ ሽንት ቤት በር ላይ ይቆማል?» ብለው ሳቁበት። እሱም አብሯቸው ሳቀና መንገዱን ቀጠለ።

የመረጠው በምክንያት ነበር። አንድ ክፉ በሽታ አለ። ሰውነት ጀርም ሊከላከልበት ያዘጋጀውን ኃይል በገዛ አንጀቱ ላይ ያዞረውና ያቆስለዋል። ታማሚው ቀንም ሌትም ሽንት ቤት ይመላለሳል፣ ደም ይወርደዋል፣ ይከሳል። ብዙ ሰው ግን የበሽታውን ስም እንኳ አያውቀውም። መጀመሪያ የአሜባ መድኃኒት ይሰጠዋል። ቀጥሎ የታይፎይድ። ቀጥሎ ጎረቤት ፌጦ ብላ ይለዋል። ከዚያ እንደገና የአሜባ። እንዲህ እያለ ዓመታት ያልፋሉ። ዶክተር ልሳነወርቅ ይህን በሽታ ሲያጠና፣ ሲያክምና ወጣት ሐኪሞችን ሲያስተምር ሃያ ሁለት ዓመት ፈጀ። በሽተኞቹም እንደ አባት ወደዱት። ማር የሚያመጣለት አለ፤ ልጁን በስሙ የጠራም አለ።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበው ነበር። ለዚህ በሽታ የሚሆነው ጥሩ መድኃኒት ከውጭ ነው የሚመጣው፤ እሱም አንዴ ከተገኘ አንዴ ይጠፋል። ስለዚህ በአገር ውስጥ በቀላሉ ከሚገኙት ኪኒኖች አንዱን መርጦ ይሠራ እንደሆነ ሊፈትን ተነሣ። ስልሳ በሽተኞች እሺ አሉት። አንጀትን በካሜራ የሚያሳየው መሣሪያ ተበላሽቶ መለዋወጫ እየተጠበቀለት ነበር፤ ስለዚህ ዶክተሩ የያዘው የበሽተኞቹን ቃል ብቻ ነው። በየወሩ፣ በተቀጠሩበት ማክሰኞ፣ ራሱ ጠየቀ፣ ራሱ ጻፈ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከስልሳው ሃምሳ አንዱ ተሽሎናል አሉ።

እንዲህ ያለ ወሬ መቼም አይደበቅም። የበላይ ኃላፊዎች ሰሙ። ኪኒኑ በአገሪቱ ሆስፒታሎች ሁሉ እንዲሰጥ ሊወስኑ አሰቡ፤ ዶክተሩም ውጤቱን በስብሰባ ላይ እንዲያቀርብ ቀን ተቆረጠ። የሃያ ሁለት ዓመት ድካሙን ፍሬ ሊያይ አሥር ቀን ቀረው።

ልክ በዚያ ሳምንት መምህር ወንድይፍራው በቃሬዛ መጣ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ ኪኒኑን መጀመሪያ ከጀመሩት አንዱ። ከንፈሩ ነጥቷል፣ ደሙ አልቋል፣ መናገር አቅቶታል። ዶክተሩ ደም እንዲሰጠው አዘዘና ካርዱን አገላበጠ። ወር በገባ ቁጥር በገዛ እጅ ጽሑፉ «ተሽሎታል» ይላል። ሃያ ሦስት ጊዜ ተሽሎታል። ዶክተሩ ግራ ገባው። ድንገት ተነሥቶበት ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና።

ከክፍሉ ሲወጣ እትዬ ዘርፌን አገኛቸው። እትዬ ዘርፌ የክሊኒኩን ሽንት ቤት የሚያጸዱና ቁልፉን የሚይዙ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያለቅሳሉ። መምህሩ ይተርፋሉ ወይ ብለው ጠየቁት። እሱም ከየት እንደሚያውቁት ጠየቃቸው።

«እንዴት አላውቃቸው? በቀጠሯቸው ቀን ወረፋ እስኪደርሳቸው አምስቴም ስድስቴም ቁልፍ ይወስዳሉ» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁልጊዜ ነዋ። ደግሞ እሳቸው ብቻ መች ሆኑ። የማክሰኞ በሽተኞችዎ እኮ ቁልፉን አያሳርፉትም።»

ዶክተሩ ግድግዳውን ተደገፈ። እትዬ ዘርፌ ምን አጠፋሁ ብለው ደነገጡ። እስከ ዛሬ ለምን እንዳልነገሩት ሲጠይቃቸው፣ በሽተኞቹ ክፍልዎ ገብተው የሚሉትን እኔ በምን አውቄ አሉት። እውነታቸውን ነው።

በሦስተኛው ቀን መምህሩ ከአንጀቱ ክንድ የሚያህል ተቆርጦለት ነፍስ ዘራ። ዶክተሩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና እውነቱን ለምን እንደደበቀው ጠየቀው። መምህሩ አፈረ። ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«በመጀመሪያው ወር አልተሻለኝም ልል ነበር የገባሁት» አለ። «እርስዎ ግን ገና ሳልቀመጥ ፊትዎ በርቶ ‹ተሻለዎት አይደል?› አሉኝ። ምን አፍ አለኝ? ይህን ያህል የደከሙልንን ሰው እንዴት አድርጌ ላሳዝን? እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። አንዴ ካልኩ በኋላ ደግሞ መመለሻው ጠፋኝ።»

ያን ዕለት ዶክተር ልሳነወርቅ ምሳ አልበላም። ሰው ነውና ሌላ ሐሳብም መጣበት። አንዱ ቢደብቅ ሃምሳው አሉ፤ ስብሰባው ይለፍና ስህተት ካለ ቀስ ብሎ ይታረማል አለ በልቡ። ግን በየጠረፉ ሆስፒታል ኪኒኑን አምነው የሚሰለፉት ሰዎች ታዩት። እያንዳንዱ ተሽሎኛል እያለ በቃሬዛ እስኪመጣ ሊጠበቅ ነው? ይህን ሲያስብ የተጻፈውን ውጤት ወደ መሳቢያው መለሰው።

በማግስቱ ስልሳዎቹ እንዲጠሩ አደረገ። በዚህ ጊዜ ራሱ አልጠየቀም። በሽተኞቹ የማያውቋት አንዲት ነርስ ከሌላ ሆስፒታል አስመጣና «ተሻላችሁ ወይ?» እንዳትላቸው አስጠነቀቃት። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ስንቴ ለሽንት ቤት ተነሡ፣ ደም አይተዋል ወይ፣ ያን ብቻ ጠይቃ ጻፈች። ሃምሳ አንዱ አሥራ ዘጠኝ ሆነው ቁጭ አሉ።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ሞላ። ዶክተሩ ለመናገር ተነሣ።

«መድኃኒቱ የረዳው ከሦስት ሰው አንዱን ነው» አለ። «ከቀሩት ብዙዎቹ እኔ እንዳላዝን ብለው ሁለት ዓመት ሙሉ እኔን ሲያስታምሙኝ ነው የከረሙት። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። የምፈልገውን መልስ ፊቴ ላይ ይዤ የጠየቅኳቸው እኔ ነኝ። እባካችሁ ኪኒኑን ለአገር አታድሉ።»

ውሳኔው ቀረ። ታስቦለት የነበረው ሽልማትም አብሮ ቀረ። ድሮስ ከሽንት ቤት ምን ይገኛል ብለው የተሳለቁም አልጠፉም። ዶክተሩ ከፋው፤ አልከፋኝም ብሎም አልዋሸም። ሰኞ ጠዋት ግን እንደ ወትሮው ክሊኒኩን ከፈተ።

ወር ሳይሞላ መምህር ወንድይፍራው ለቀጠሮው መጣ። ዶክተሩ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ከትናንት ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደተነሣ ጠየቀው። መምህሩ አቅማማ።

«ሰባቴ» አለ። «ደግሞ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አዲስ ያዘዙልኝም መድኃኒት አልረባኝም።»

ዶክተሩ ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ነሣው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከተሰጠው ምስጋና ሁሉ ይህ በለጠበት። ያኔውኑ መድኃኒቱን ቀየረለት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን። ልክ ነው። ይህ አባባል ግን ጥፋቱን በሙሉ ታማሚው ላይ ይጥላል፤ ማን እንዳስደበቀው አይጠይቅም። ሰዎች የሚወዱትንና የሚያከብሩትን ሰው ፊት አይተው ነው የሚመልሱት። ስለዚህ እውነቱን ማወቅ የፈለገ ሰው ከመጠየቁ በፊት ቢከፋውም ለመስማት ይዘጋጅ፤ የሚወዱት ሰዎች ደግሞ እውነቱን መንገር ፍቅር መሆኑን ይወቁ።

እስቲ እርስዎም ያስቡት። በቤትዎ፣ በመሥሪያ ቤትዎ፣ ፊትዎን ሳይፈራ «አልተሻለኝም» ሊልዎ የሚችል ሰው አለ?